ከጨረሩ በፊት

ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር ከጨረር ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ኪኒኑን በመዳፉ ላይ ያገላብጥ ነበር። ፊኛው ሞልቶ እንዲገባ ስለታዘዘ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ጨርሷል፤ ማሽኑ ደግሞ ዛሬም ዘግይቷል። ድንገት ያ ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ የለመደው ሙቀት ከደረቱ ተነስቶ ፊቱን አጥለቀለቀው። ኮቱን አውልቆ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሚስቱ ሰጣት።

«ሰለቸኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨረሩ ይበቃኛል። ይሄን ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ አልውጥም።»

«ሐኪሙ ምን አለ? ኪኒኑ ካንሰሩን ያዳክመዋል፣ ጨረሩ ደግሞ ያዳከመውን ይጨርሰዋል፤ ፕሮስቴትህ የሚድነው በሁለቱ ነው አላለም?»

«እሱ ምን አለበት! ሌሊቱን ሙሉ በላብ ተነክሮ ማደር ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ሚስቱ በኮቱ እጅጌ ግንባሩን ጠረገችለት። እሷም ከእሱ እኩል እንቅልፍ አጥታ ስለከረመች ዓይኖቿ ደም መስለዋል።

«እኔ አውቃለሁ» አለችው። «ያኔ እኔ ስቃጠል፣ መስኮቱን ስከፍት አንተ ስትዘጋ አልነበር ሲነጋብን የከረመው? እንኳን ደህና መጣህ! አንተም አረጥክ።»

አፍጥጦ አያት። ከዚያ ሳቁ ሳያስበው አመለጠው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ተይኝ! ውሃው ሊያመልጠኝ ነው!»

በሩ ተከፈተና የጨረር ባለሙያዋ ብቅ አለች። «አባባ፣ ይግቡ።»

ሚስቱን ተደግፎ ተነሳ። ኪኒኑን አፉ ውስጥ ጣል አደረገና፣ አንድ ጠብታ ውሃ መጨመር ስለማይችል፣ በደረቁ ዋጠው።