ለንቦቹ የተማለ መሃላ

ከአጥራችን ማዶ የተተከለው የጦሩ ፀረ አውሮፕላን መድፍ በራሱ መፍረድ ከጀመረ ወዲህ፣ ጠባቂው «ወዳጅ ነው» ካላለው በቀር ከጣራ በላይ የበረረውን ሁሉ ይመታል።

ረፋድ ላይ የባለቤቴ የተዋበች ንቦች ቀፏቸውን ለቀው ተነሱ። እሷም እንደ ወጉ አፈር እየበተነች «እረፉ፣ እናቶቼ!» ትላቸዋለች። መድፉ አንገቱን ሲያዞር ሰማሁት።

«እትዬ፣ አቧራው ምንድን ነው? ዓይኑን ሊያሳውሩት ነው?» አለ ጠባቂው፣ አስር አለቃ ግዛቸው፣ ከአጥሩ ማዶ።

«ንብ እኮ የሚያርፈው እንዲህ ነው፣ ልጄ። ወዳጅ ናቸው በለው!»

«በመካከላቸው ንብ መሳይ የጠላት ድሮን፣ የብረት ንብ፣ ቢኖርስ? ይማሉልኝ።»

ተዋበች በዕድሜዋ ምላ አታውቅም። ሽቅብ አየች።

«ማርያምን፣ የለም!»

ግዛቸው «ወዳጅ ናቸው» አለው፤ መድፉ አንገቱን መለሰ። ንቦቹም ግራሩ ላይ አረፉ፤ ወደ ቀፏቸው መለስናቸው።

ለሠርክ ጸሎት ጧፍ ለኩሼ ብጠራት አልመጣችም። ቀፎው ሥር ተቀምጣ፣ የሚገቡትን ንቦች አንድ በአንድ ትመረምራለች።