የአዋላጇ ፊት

«ቡናማውን ቀለም አንተ በጥብጥልኝ» ትለኛለች ሚስቴ፣ መሰላሉ ላይ ሆና ወደ ታች እንኳ ሳታይ።

ጣሳውን አነሳለሁ። ከጤና ጣቢያው ግንብ ፊት ለፊት ግማሹ ሰፈር ተሰብስቧል፤ ብሩሽ የያዘም አለ፣ ምላሱን ብቻ ይዞ የመጣም አለ። እስካለፈው ወር ድረስ እዚህ ግንብ ሥር ቆሻሻ እየተጣለ፣ ነፍሰ ጡሮቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚገቡት። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሥዕል አስተማሪ ናት «ሰው በሚያውቀው ፊት ላይ ቆሻሻ አይጥልም» ብላ ሁላችንንም በነፃ ያሰለፈችን። ዳር ዳሩ በበጎ ፈቃደኞች ቅጠልና አበባ ተሞልቷል። የቀረው መሀሉ ነው፤ መሀሉ ላይ የአዋላጇ ፊት ይሳላል።

አዋላጇ ራሳቸው ነጭ ገዋናቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ምጥ ከመጣ ጥያችሁ ነው የምሄደው» ይላሉ።

ያ መሀል የኔ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህን ሰፈር ታፔላ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፀጉር ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የዚህኑ ጤና ጣቢያ። አስተማሪዋ ግን «ሰፈሩ ይምረጥ» አለችና የአዋላጇን ፊት ሁላችንም ካርቶን ላይ ሞከርን። ስም ሳይጻፍበት ገመድ ላይ ተሰቀለ። ሕዝቡ አንዱ ካርቶን ሥር ተኮለኮለ። እኔም ሄጄ አየሁት። እዚያ ላይ ያሉት፣ ልጅ ተቀብለው ገና ቀና ያሉት አዋላጅ ናቸው፤ ድካማቸውም ደስታቸውም አንድ ላይ። «ይኼ የማን ነው?» ሲባል ከኋላዬ የሚስቴ እጅ ተነሣ።

ፀጉር ቆራጩ የኔን አየና «ያንተዋ ደግሞ ፖሊስ የሚፈልጋት ትመስላለች» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በጥርሴ ብቻ።

በሚስት መቅናትማ ያለ ነው፤ ሌላ ወንድ አየችብኝ ብሎ ነው ሰው የሚቀናው። እኔ የቀናሁት በእጇ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ስታቀርብልኝ እንኳ ጣቶቿን ነው የማየው፣ የት ተደብቀው ከረሙ እያልኩ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው። ቀለሙ የኔ፣ ብሩሹ የኔ፣ መሰላሉ የኔ፣ ጭብጨባው የሷ።

ቡናማውን እበጠብጣለሁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቂት ጥቁር። ልኩን ለማምጣት ጊዜ ይፈጅብኛል፤ እንደምንም የአዋላጇን ጉንጭ ይመስላል። ከዚያ እጄ ማቅጠኛውን፣ አኳራጁን ያነሳል። አንድ ክዳን ይበቃው ነበር። ሁለት አፈስሳለሁ። ሦስት። እንዲህ የቀጠነ ቀለም ግንብ ላይ አይቆምም፣ ይወርዳል። አዋላጇ በሰው ሁሉ ፊት ከዓይናቸው እስከ አገጫቸው ይዝረከረካሉ። ያኔ አስተማሪዋ ወደኔ ዞራ «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ያቃኑልን» ትለኛለች። መሰላሉን የምወጣበትን አወጣጥ ሳይቀር አስቤዋለሁ።

ክፉ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ። አራተኛውን ክዳን እጨምራለሁ።

«እትዬ፣ አይዞዎት» ትላታለች አስተማሪዋ። ጣሳውን ለሚስቴ አቀብላታለሁ።

ሚስቴ ብሩሹን ነክራ ታወጣለች። ቀለሙ ከጫፉ ጠብ ጠብ ይላል፣ እንደ ውሃ። ሰው ሁሉ አንጋጦ ይጠብቃል። ብሩሹን ወደ ግንቡ አትወስደውም። ዞራ ታየኛለች። የተቆጣች አትመስልም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» ይላል ፀጉር ቆራጩ።

«ምንም» ትላለች ጮክ ብላ። «ከፍታው አዞረኝ። አንዴ ልውረድ።»

ትወርዳለች። አጠገቤ ስትደርስ ጣሳውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ትጠይቀኛለች።

«ስንት ክዳን ነው?»

«አራት።»

«አንገበገበህ?»

«ምኑ?»

«ተው እንጂ፣ ሃያ ዓመት አብሬህ ኖሬ!» ትላለች። አንገቴን እደፋለሁ። «የልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሙሽራዋን ስትስል፣ ሰው ሁሉ እጁ ይባረክ ሲልህ፣ እኔ ከታች ቆሜ ነበር። እኔንም አንገብግቦኛል። ልጅ አዝዬ ሁሉ አንገብግቦኛል። ቀለምህን የምበጠብጠው ደግሞ እኔ ነኝ።» «አንድም ቀን አላቀጠንኩብህም።»



«ምነው፣ ላንቺም ምጥ መጣብሽ እንዴ?» ይላሉ አዋላጇ ከወንበራቸው። ሰፈሩ በሳቅ ያውካካል።

«ኧረ የለም እማማ!» ትላለች ሚስቴ እየሳቀች። «ባሌ ቀለሙን እስኪያሳምርልኝ ነው።»

ጣሳውን እግሬ ሥር ታስቀምጥና እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። እንበረከካለሁ። የቀጠነውን ደፍቼ እንደገና እጀምራለሁ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቂት ጥቁር፣ ግማሽ ክዳን አኳራጅ። ለሌላ ሰው እጅ ስበጠብጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሚስቴ ምን ያህል ወፈር ያለ ቀለም እንደምትወድ አላውቅም።

«እንዲህ ይሁንልሽ?» እላታለሁ።

ጎንበስ ብላ ታየዋለች።

«አኳራጁን ትንሽ ጨምርበት።»