በዋንዛዎቹ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች

አንድ የማር ኩባንያ ከካፋ ጫካ ማር ቆራጮች ጋር ሽርክና ሊገባ ውል አዘጋጀ። ሥራ አስኪያጁ ግን የማሩ መጋዘን የሚሠራው በመንደሩ ያሉት ዐሥራ ሁለት ዋንዛዎች ተቆርጠው ነው አለ። ከማር ቆራጮቹ አንዷ የሆነችው ሴትዮ ልጆቿን ያሳደገችው ንቦቹ ከነዚያ ዋንዛዎች አበባ በሚሠሩት ማር ነውና ውሉን ልየው ብላ ተቀበለች።

በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመቷ ነው። ውሉን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ሥራ አስኪያጁ፣ «እናቴ፣ በዚህ አያያዝሽማ ንቦቹም ያረጃሉ!» ብሎ ቀለደባት።

«ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ በአገሩ ልማድ መሠረት አይቆረጥም» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ዋንዛዎቹ ላይ አንድም ቀፎ የለም፤ አዲስ ለመሥራት ደግሞ ሳምንት ይፈጃል።

«እስከ ነገ ታገሠኝ፣ ልጄ» አለችው።

በማግስቱ መጋዝ ይዘው ሲመጡ በየዋንዛው ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል። ሥራ አስኪያጁ አንጋጦ አየና፣ «ቀፎ ማወቁንማ ለእኔ ተዉት! ይኼ የባለሙያ እጅ ነው» ብሎ መጋዘኑን ወደ ባዶው ሜዳ አዛወረ።

መኪናው ከዓይን ሲሰወር ባሏ ወደ ላይ እያየ፣ «አንቺ ሴት፣ የመንደሩን ሰሌን ሁሉ ጠቅልለሽ ሰቅለሽ፣ ዛሬ ምን ላይ ልንተኛ ነው?» አላት።