ከማጣቀሻው የሚጀምረው አንባቢ

የኡማይማ የዶክትሬት ጽሑፍ ነገ ይገባል። ፒዲኤፉ ላይ አንድ መስመር ጠቅ ስታደርግ ጠቋሚው ረቂቋ ውስጥ ወዳለው ያው መስመር መዝለል ነበረበት፤ ዛሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። የቢሮ ጓደኛዋ ላስዓድ ወንበር ስቦ ነካካው።

«እኅቴ፣ ረቂቁን ሌላ ማኅደር ውስጥ ከተሽ ፒዲኤፉ በድሮው አድራሻ ሲያንኳኳ ነው የዋለው። በይ ሞክሪው።»

ሠራ። ኡማይማ ፒዲኤፉን ዘግታ ሻይዋን አነሳች። ያኔ ጠቋሚው ወደ ረቂቁ መጨረሻ ዘሎ ከማጣቀሻዎቹ ጀመረና መስመር በመስመር ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

«ማውሱን ተዪው እንጂ።»

«እጄ ብርጭቆው ላይ ነው።»

ላስዓድ ማውሱን ነቀለው። ጠቋሚው መውጣቱን አልተወም።

«ከማጣቀሻ የሚጀምር አንባቢ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ ላስዓድ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር።

አማካሪዋን ሲ ሸድሊን ባለፈው ወር ስፋክስ ከተማ ቀብረዋቸዋል፤ ጽሑፏን ሳያነቡላት።

ጠቋሚው አንዳንድ ቦታ እየቆየ መጀመሪያው ገጽ ደረሰ። እዚያ «ለሟቹ መምህሬ ለሲ ሸድሊ። ተማሪያቸው ኡማይማ።» ይላል።

«ለሟቹ» የሚለው ፊደል በፊደል ተሰረዘ።

ከዚያ ጠቋሚው ከኡማይማ ስም ፊት ሄዶ ቆመና አንድ ፊደል ጻፈ፦ «ሟ»።