የስሜነህ ጋቢ

ህዳር ሲታጠን ቆሻሻ ማቃጠል ከቀረ ቆይቷል። አሁን በየቤቱ ነጭ ጉም ይለቀቃል። ጉሙ ጠረንን ሁሉ ያጠፋል፤ አይጡም ቁንጫውም ነቀዙም የሚበላውን ማሽተት ሲያቅተው ጥሎ ይሄዳል።

ትርንጎ ክረምት ላይ የሞተውን የልጇን የስሜነህን ጋቢ አላጠበችውም። ጉሙ ሊለቀቅ ሲል አጣጥፋ ጎተራ ውስጥ በቆሎው ላይ አስቀመጠችውና የጎተራውን አፍ በእበት መረገችው። እናቷም ከጭስ የምትሸሽገው ነገር ሲኖራት እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ትርንጎ ደጅ ወጥታ ስትጠብቅ ቆየች፤ ጉሙ ሲበተን የለቀቀችው የጤና ሠራተኛ ከቤቱ ብቅ አለች። "እማማ፣ ይግቡ እንግዲህ። ስለ ጎተራው አይስጉ፤ ነቀዝ የሚበዛው እዚያ አይደል? ከግርጌው በስቼ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን በጉሙ ሞላሁልዎ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አለች ትርንጎ።

ምርጊቱን አፍርሳ ጋቢውን አወጣችው። ወደ አፍንጫዋ ማስጠጋቱን ግን ልቧ አልደፈረም፤ መደቡ ላይ አነጠፈችው። የስሜነህ ውሻ፣ ልጁ ከተቀበረ ጀምሮ ከዚያ ጋቢ ላይ ካልሆነ የማይተኛው፣ ዘሎ ወጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተተው። ደግሞ አሸተተው። ከዚያ ወርዶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ስሜነህ ከእርሻ ይመለስበት የነበረውን መንገድ ያይ ጀመር።

ሲመሽ ትርንጎ በሩን መዝጋት አቃታት።