ዲቦራ በመስኮት

«ሐና!» ብዬ ወደ ግቢው እጮኻለሁ፤ ግማሽ አካሌ ከመስኮቱ ውጪ ነው።

«አቤት!» ይላል ሁለተኛ ፎቅ። «ወዬ!» ይላል በበሩ በኩል። ቧንቧው አጠገብ የቆመችው ጀሪካኗን አስቀምጣ «መጣሁ!» ትላለች። አንዷ ደግሞ ገና ቀና ከማለቷ፣ «ኧረ ዛሬ ምንም አላጠፋሁም!»

«እናንተን አይደለም! ስም እየሞከርን ነው!» እላቸዋለሁ፤ ግቢው በሳቅ ያውካካል።

በእኛ ሕንፃ ለመልእክት ብሎ ደረጃ የሚወጣ የለም። ታች ያለ ወደ ላይ ይጣራል፣ ላይ ያለ ወደ ታች። ስለዚህ ለልጁ ስም የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ስሙን በመስኮት ይጣራል። አቤት ባይ ከተገኘ ስሙ ባለቤት አለው። እኔም ልጆቼን የሰየምኳቸው እንዲሁ ነው። ዛሬ በጎረቤቴ መስኮት ተጣሪዋ እኔ የሆንኩት እሷ አራስ ስለሆነች ነው፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ፣ ባሌ እንደሚለው፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

«አራት ሐና!» ትላለች ጎረቤቴ ከአልጋዋ ላይ፣ ልጇን እያጠባች። «ይቅር። ሩትም ይቅር፣ ሣራም ይቅር።»

«የሐና ትርጉም ጸጋ ነበር እኮ» ይላል ባሏ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። ፀጉር አስተካካይ ነው። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ማበጠሪያውን ኪሱ ውስጥ ሰክቶ፣ የደንበኛውን ፂም ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ትቶ ነው እየሮጠ የመጣው። ደንበኛው ግቢው መሀል ቆሟል፤ በአንድ ጉንጩ ላይ አረፋ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ።

«ወንድሜ!» ይላል ሰውየው ወደ ላይ አንጋጦ። «ስሙ እስኪገኝ የላጨኸው ይበቅላል!»

«አንድ ደቂቃ ጌታው!»

«አትቸኩል» እለዋለሁ አባትየውን። «ልጅቷ ለራሷ እስክታወጣ እንጠብቃለን።»

«አንቺ ትስቂያለሽ» ትለኛለች እናትየው። «ትምህርት ቤት በእኔ ስም አራት ነበርን። አንዷ ረጅሟ፣ አንዷ ቀይዋ፣ አንዷ ባለመነፅሯ። እኔ አጭሯ። አስተማሪው ሳይቀር አጭሯ ነበር የሚለኝ። ሰርጌ ላይ እንኳ አጭሯ አገባች ነው የተባለው።»

ሳቄን እውጣለሁ። እኔም አጭሯ ነው የምላት።

«ማታ ዘመዶቹ ይመጣሉ» ትላለች፤ ድምጿ ቀጠን ይላል። «እስከዚያ ካላገኘን የመጣላቸውን ይለጥፉባታል። ልጄ ስትጠራ እሷ ዞር የምትልበት ስም ነው የምፈልገው። የእሷ የሆነ።»

ይኼኔ ባሏ ከወንበሩ ይነሳል፤ ስልኩ ከእጁ ሊያመልጠው ነበር። «ዲቦራ!»

«ማን ናት ደግሞ?»

«ስም ነው እንጂ! ከዕብራይስጥ ነው ይላል። ትርጉሙ ንብ!»

«ንብ?» እላለሁ። «አባቷ ምላጭ ይዞ፣ እሷ ተናዳፊ። አማች በየት በኩል ሊገባ ነው?»

«ቆዪ እስቲ እትዬ! በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢይት ናት። ዳኛም ነበረች! ዘንባባ ሥር ትቀመጣለች፣ ሕዝቡ ወደ እሷ እየመጣ ይፈረድለታል። የጦር አዛዡ እንኳ አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም ነው ያላት!»

«ሰዉ ያወጣዋል?» ትላለች እናትየው።

«በሌላ አገር አንድ ሰሞን እንደ አሸን ፈልቶ ነበር፣ አሁን ቀንሷል ይላል።»

«እዚህስ?»

«እዚህማ የሚያውቀው መስኮቱ ነው።»

ሕፃኗ ጡት እንደያዘች በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፤ እምምም። እናትየው ቀስ ብላ ትነሳለች። «ይኼንን እኔው ልጥራው።»

በክንዷ ደግፌ መስኮቱ ጋ አቆማታለሁ። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትጣራለች።

«ዲቦራ!»

ግቢው ጸጥ ይላል። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ቧንቧው አጠገብ ያለችው ጀሪካኗን አንስታ ትሄዳለች። ባለ አረፋው ሰውዬ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይቃኝና እጆቹን ይዘረጋል፤ የለም። ባሏ ክንዴን እንደ መቀስ ነክሶ ይዞኛል።

«የእኛ ናት!» ብሎ ይዘላል።

«አቤት!»

ድምፁ የመጣው ከተሰጣው ልብስ ውስጥ ነው። አንድ አንሶላ ይገለጥና እማማ ገመድ ብቅ ይላሉ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሳሙና ነው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። በገመድ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይቀርባል፤ ይግባኝ የለም። ልጆቼን ወልጄ እዚሁ አሳደግሁ፤ እማማ ገመድ ሌላ ስም ይኖራቸዋል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ማነው?» ይላሉ፣ ግንባራቸውን በክንዳቸው ከልለው መስኮት በመስኮት እየፈለጉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም፤ ከጨዋታ መሀል የተጠራች ልጅ ድምፅ ነው። «ማነው የጠራኝ? ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶኝ የሚያውቅ የለም እኮ!»

የባሏ እጆች ይወርዳሉ። «ባለቤት አለው» ይላል በቀስታ፣ ጣቱም ወደ ስልኩ ይመለሳል።

አጭሯ ስልኩን ከእጁ ትወስድና መስኮቱ ደፍ ላይ በግንባሩ ትደፋዋለች። እማማ ገመድ አሁንም አንጋጠው ይጠብቃሉ፤ ሳሙናው በክርናቸው በኩል ይንጠባጠባል፣ አላስተዋሉትም።

እሷ ትንፋሿን ትስባለች። እንዲህ ያለ ድምፅ አላት ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ዲቦራ!»

«አቤት!» ይላሉ እማማ ገመድ፣ ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብለው። ደረቷ ላይ ያለችው ሕፃን ደግሞ ጡቱን ትለቅና፣ ከንፈሯ ላይ ወተት እንዳለ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ትላለች።