ለሙታን ቀን የመጣው ፎቶ

ሙፈሪሓት አሜሪካ፣ ዊተን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት አስተማሪ ናት። ኖቬምበር ሲገባ ሜክሲኳዊቷ ዋና አስተማሪ ለልጆቹ ስለ አገሯ የሙታን ቀን ነገረቻቸው። በዚያ ቀን ቤተሰብ የሞቱበትን ሰዎች ፎቶ በአበባ አስጊጦ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ልጆቹም ከቤት ያመጡትን ፎቶ ደረደሩ፤ አንዷ አያቷን፣ ሌላው አጎቱን፣ አንዱ ደግሞ ውሻውን።

እዚያው የምትማረው የሙፈሪሓት ልጅ ሰጂዳ የእናቷን ፎቶ አስቀመጠች።

“የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ ለሞቱ ሰዎች ነው” አለቻት ሙፈሪሓት እየሳቀች።

“አይ ኖው” አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ። “አባዬ ነው የሰጠኝ።”

ሙፈሪሓት ከፋት። ባሏ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ኮሪደር ወጥታ እቤት ኮል አደረገችው። ስልኩን ሲያነሳ ከጀርባው ወንበር ሲደረደርና ሰዎች “አላህ ይዘንላት” ሲሉ ሰማች።

“ያሲር፣ ፎቶዬን ለምን ሰጠሃት?”



“ዛሬ ወሰደችው እንዴ?” አለ፣ እንደ ወትሮው በለሰለሰ ድምፅ። “ነገ ውሰጂ ብያት ነበር እኮ።”